ማደጊያ የተተወለት ጌም

የልጄን ባል ሰፈሩ የሚያውቀው «አቶ ሜትር» እያለ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጄን ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት። ሰው ሲያይ ፊት አያይም፣ ትከሻ ነው የሚያየው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እጄን ጨብጦ «እማማ፣ ግራ ትከሻዎ ትንሽ ዝቅ ይላል» አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ልጇን ትነፍገው ነበር። እኔ ግን ቅቤ አንጓች አማች ከሚገጥመኝ ይኼ ይሻለኛል ብዬ መረቅኩት።

ያልወደደችው ሚጡ ነች። ሚጡ ልጄ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻት ናት፣ ገና ስድስት ዓመቷ። ስለዚያኛው ባል ምንም አልልም፤ ሲሄድ ጃንጥላዬን ይዞብኝ ነው የሄደው፣ ሌላውን አልልም። አቶ ሜትር ቤታችን ከገባ ጀምሮ ሚጡ አንዲት ቃል በቀጥታ ተናግራው አታውቅም። የምትፈልገውን በእኔ በኩል ነው የምትልክበት። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ክርኑ ክርኗን እየነካ፣

«እማማ፣ ሰውዬውን ጨው አቀብለኝ በይልኝ» ትላለች።

እኔም አደርሳለሁ። መልእክተኛ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ። «ጨው አቀብለኝ ብላለች። ጢምህንም ተላጭ ብላለች።» ምስኪን፣ በማግስቱ ጉንጩን እንቁላል አስመስሎ መጣ።

እሱ ግን ነገሩን ከልቡ ነበር የያዘው። ቀሚስ ሰፋላት፣ አልለበሰችም። ለአሻንጉሊቷ ኮት ሰፋ፣ አሻንጉሊቷም አኮረፈች። በዚህ መሀል ሚጡ ጎረቤት ጓደኛዋ እጅ ላይ ጌም አየች። ያ በሁለት እጅ ጨብጠው የሚጫወቱት፣ መሀሉ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም የለም። እናቷ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰልፈኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ ማታ ለሚጡ የሚተርፍ ጉልበት የላትም።

«እሺ ይገዛ» አለች። «ግን ኢንተርኔት የሌለው፣ ተኩስ የሌለበት።»

አቶ ሜትር ከአፏ ነጠቃት። «እኔ እመርጣለሁ።»

ዓይኑን አየሁት። ጌም አልነበረም የሚፈልገው፣ ልጅ ነበር የሚፈልገው። ይኼም ካልሆነለት ሌላ መላ አልቀረውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሚጡ ቀን ቀን ትተኛለች፣ አልጋዋ ስር ተንበርክኮ መዳፏን ለካ። አውራ ጣቷን ለካ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄ እንዳያመልጠኝ አፌን በእጄ ይዣለሁ። ከዚያ የጫማ ካርቶን ቀዶ በልኳ ቆረጠ፣ እሱን ብብቱ ውስጥ ከቶ ሱቅ ሄድን። እኔ ምን ልትሠሪ ሄድሽ አትበሉኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እቤት ቁጭ ተብሎ ያመልጣል?

ሻጯ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ቀልጣፋ ልጅ ናት። «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለችው።

«የመዳፏ ወርድ ስድስት ሴንቲ ከግማሽ» አለ።

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «ማዘር፣ ምንድነው የሚለው?»

«በልኳ ፈልጊለት እንጂ፣ እሱ እንዲህ ነው የሚናገረው» አልኳት።

አንድ ትንሽ ጌም አወጣች። ቀላል ነው፣ ዙሪያው ላስቲክ ነው፣ ቢወድቅም አይሰበር፣ ኢንተርኔት የለው፣ ውስጡ የእንስሳት ጨዋታ ብቻ። ካርቶኑን ላዩ ላይ ቢያደርገው ልክክ አለ። እኔ አለቀ ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ፊቱ ቅጭም አለ።

«ልክ ነው» አለ፣ ሰው የሞተበት ይመስል።

«ልክ ከሆነ ታዲያ ምን ሆንክ?»

«እማማ፣ ለልጅ ልኩን አይሰፋም። ማደጊያ ይተውለታል።»

«ወንድሜ፣ ጌም እኮ ነው፣ ዩኒፎርም አይደለም» አለች ሻጯ።

«ዩኒፎርም የሰፋሁላቸው ልጆች እናቶች እስከዛሬ ይመርቁኛል» አላት።

ትንሹን ውሰድ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። እንጀራው ነውና የሚያውቀውን ሠራ፤ ትሪ የሚያህለውን አስወጣ። አገላብጦ አየና ቀስ ብሎ «እስክታድግ ጠርዙን ማጠፍ አይቻልም?» አላት። ልጅቷ ዕቃ ላምጣ ብላ ጓዳ ገባች፣ ሳቋ ግን በግድግዳ አልፎ መጣ።

እቤት ሚጡ ሳጥኑን ስትከፍት ጣራ ልትነካ ነበር የዘለለችው። ደስታው ግን አልቆየም። በግራ ስትይዘው ቀኙ ያመልጣታል፣ በቀኝ ስትይዘው ግራው ይወድቃል። ጉልበቷ ላይ ብታስቀምጠው፣ ወለል ላይ ብትተኛበት፣ በአገጯ ብትደግፈው አልሆነም። ስክሪኑ ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ወንዝ ዳር ተገትራ ትጠብቃለች። የሚጡ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሱ ፊት ኖራ መሰለ።

ከዚያ መሬት ላይ ከኋላዋ ቁጭ አለና የግራውን ጫፍ ያዘላት።

«እኔ ላስኪዳት፣ አንቺ አስዘልያት» አላት።

እንቁራሪቷን አስሮጣት። ሚጡ ሳትጫን ቀረች። እንቁራሪቷ ውሃ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ሚጡ ዞር ብላ አፈጠጠችበት። «ቆይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል?»

በቀጥታ ለሱ ነው ያለችው። እሱ ይህን ልብ ለማለት ጊዜ አልነበረውም፣ እንቁራሪት ገድሏል።

«አንቺ ነሽ ያረፈድሽው» አላት።

«አንተ ነህ የቸኮልከው።»

«መጫን ነበረብሽ።»

«መጠበቅ ነበረብህ።»

እንዲህ እየተነታረኩ አመሹ። ያቺ ምስኪን እንቁራሪት ስንቴ እንደሰጠመች ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በሰጠመች ቁጥር ሁለቱ እየተያዩ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ እኔም ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ። አንዴ እኔም ልሞክር ብል፣ «እማማ፣ እጅ ሞልቷል» አሉኝ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ አየቻቸው። ጌሙንም አየችው።

«ይኼን ነው ለሷ የገዛኸው? ብቻዋን እንኳ መያዝ አልቻለችም እኮ። ነገ በትንሽ ለውጠው።»

ወዲያው ተነሳ። «ልክ ነሽ፣ ትንሹ ነበር የሚሆናት» አለና በገዛ እጁ ሳጥን ውስጥ መለሰው። አከታተቱን ብታዩ፣ የሰው ጨርቅ አበላሽቶ ባለጨርቋ የመጣችበት ይመስል ነበር።

ሚጡ ሄዳ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለችበት።

«ተነሺ፣ ይሰበራል» አለቻት እናቷ።

«ትንሹን ካመጣችሁ እሱ በየት በኩል ይይዘዋል?»

ልጄ ወደሱ አየች፤ ሜትሩን እየጠቀለለ ይፈታል። ወደኔ አየች፤ እኔ ጣራውን እያየሁ ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠችና እነሱ አጠገብ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«እሺ፣ እኔስ በየት በኩል ልያዘው?»

ሚጡ አሰበችበት። «አንቺ ቻርጅ ታደርጊልናለሽ» አለቻት።