ሰሊጥ ብዬ ያሳየሁት የአባቴ ማሳ

ዛሬ ኮምፒውተሬ እዚህ ሱዳን ውስጥ ያለውን የገዳሪፍን ቁጥቋጦ በሙሉ ሰሊጥ ነው ብሎ ቁጭ አለ።

የምጠቀምበት ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ዓይናችን የማይለየውን ቀለም ከሳተላይት ምስል እያነበበ የትኛው ማሳ ላይ ምን እንደበቀለ ይናገራል። መጀመሪያ ግን የምታውቁትን አንድ ማሳ አሳይታችሁ "ሰሊጥ ማለት ይኼ ነው" ብላችሁ ታስተምሩታላችሁ።

ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ። ኮዱ ጤነኛ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እዚህ ተሰደን በምንኖርበት በዶካ ዙሪያ ስንት እርሻ እያለ፣ ሰሊጥ ብዬ ያሳየሁት ሁመራ ትተነው የመጣነውን የአባቴን ማሳ ነው። ከሱ የበለጠ የማውቀው መሬት የለኝማ።

ምስሉን አጉልቼ ሳየው ግን፣ ጦርነቱን ሸሽተን በሐምዳይት በኩል ድንበር ከተሻገርን ወዲህ ያረሰው የለም። ቁጥቋጦ ውጦታል።

ተማሪውስ ጎበዝ ነበር፤ መምህሩ ነው አገሩን ካየ የቆየው።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ማሳው ላይ "ሰሊጥ" የሚለውን አነበበ።

"ደርሷል እንዴ?" አለኝ።

"ደርሷል፣ አቦይ።"

"ታዲያ ማን ሊያጭደው ነው?"

እናንተም መሬታችሁን ከሰማይ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለአባቶቻችሁ ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው?