«እኛ» አይለወጥም

እትዬ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል በሙጫ እያጣበቀች አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። አስራ አንዱን ዓመት በዚያው ጠረጴዛ ፊት ለፊቷ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምናገረው። የሥጋ እህቴ አይደለችም። እትዬ የምንላት በዕድሜ ስለምትበልጠን ነው፤ ደግሞም አንዳችንን ራሳችንን ሲያዞረን ውኃ ይዛ የምትሮጠው እሷ ነበረች። እሷኑ ሳል እያጣደፋት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያልኩ እተርባት ነበር።

የሙጫው ክፍል አንድ መስኮት አለው። ድሮ ይከፈት ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጥንድ ጫማ ጠፋና፣ በዚያ በኩል ነው የወጣው ተብሎ በምስማር ተመታ። ከዚያ ወዲህ የምንተነፍሰው ሙጫ ነው። ቤቴ ስገባ ልጄ «እማዬ፣ ሸተትሽ» ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ፋብሪካውን የገዙት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ከኛ ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ የሚያገናኘን አስተርጓሚው ነው። አቤት እሱ! ቅቤ አንጓች ቢሉት ያንሰዋል። ሥራ አስኪያጁ ክፍላችንን ሊጎበኝ የመጣ ቀን እትዬ ብድግ ብላ፣ «ጌታዬ፣ መስኮቱን ያስከፍቱልን፤ ታፍነን ልንሞት ነው» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ እጇን ጨበጠና ወጣ።

በኋላ ኮሪደር ላይ ያዘችው። «ምን ብለህ ነው የነገርክልኝ?»

«ስለመጡልን ደስ ብሎናል ትላለች ነዋ! ለአንቺው ብዬ እኮ ነው እትዬ፤ ከሥራሽ ላስባርርሽ?»

ሰውየው ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ እውነቱን ግን በሁለቱም አይናገርም። እትዬ የዚያን ቀን ማለች። «አንዲት ዓረፍተ ነገር በራሴ ቋንቋ፣ ማለቴ በራሳቸው ቋንቋ፣ ሳላደርስ አልሞትም!» አለች። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ! ሳቅኩባት። ዛሬ ያንን ሳቄን ሳስበው ያመኛል።

ጎረቤቷ፣ ጋሼ የምትለው፣ ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው፤ ስፓኒሹን ከወደብ ወደብ ሲዞር ነው የለቃቀመው። ከሥራ መልስ ደጁ ላይ ተቀምጠው ያስተምራታል። ደብተሯ የጫማ ካርቶን ክዳን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ታወጣውና ታነበንባለች።

«‹ፖዴር› መቻል ነው። እንድችል ሲሆን ግን ‹ፖ›ው ‹ፑዌ› ይሆናል፤ ፑዌዳ። እንድትችል፣ ፑዌዳስ። እንዲችሉ፣ ፑዌዳን።»

«እንድንችልስ?» አልኳት።

«እሱን አልወደድኩትም። ጋሼ ‹እኛ› አይለወጥም ይላል። ሌላው ሲለወጥ ‹እኛ› እንደ ድሮው ‹ፖዳሞስ› ሆኖ ይቀራል አለኝ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? በኛ ቋንቋ እንድችል ካልን፣ እንድንችል ነው፤ አንድም ነገር አይጎድልበትም። ዘንግቶት ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሠራተኛ አይገባበትም። ስለዚህ ጻፈችው። መርከበኛው እንዳይከራከራት ሳታሳየው፣ በንጹሕ ወረቀት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሳለች። «መተንፈስ እንድንችል እባክዎ መስኮቱን ያስከፍቱልን» ነው የሚለው። መጨረሻው ላይ፣ «መተንፈስ እንድንችል» ለማለት፣ «ፓራ ኬ ፑዌዳሞስ ሬስፒራር» ይላል። የሙጫው ክፍል ሠራተኞች አስራ አራታችንም ፈረምን። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልን።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤው ተመለሰ። እትዬ ገለጠችው። «ፑዌ»ው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮ፣ ከበላዩ «ፖ» ተጽፎበታል። ከግርጌው ደግሞ አንድ መስመር አለ። እሱን ለማስነበብ ሁለታችንም መርከበኛው ዘንድ ሄድን።

«‹በጣም ጥሩ ስፓኒሽ! አንዲት ስህተት ብቻ› ይላል» አለ።

«ስለ መስኮቱስ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «ስለ መስኮቱ የለም ልጄ።»

እትዬ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። «ልክ ነህ ጋሼ» አለችው፤ «‹እኛ› አይለወጥም።»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ያ ሰውዬ ቃል በቃል አንብቦታል እኮ! አልገባኝም እንዳይል፣ ገብቶት ነው ያረመው። መተንፈስ አቃተን ስንለው የታየው ፊደሉ ነው።

እትዬ እንደገና ጻፈችው፤ አሁን «ፖዳሞስ» ብላ። መርከበኛው ሦስት ጊዜ አየላት። ላክነው። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከላክነው በአምስተኛው ወር እትዬ መቀመጥ አቃታትና ሥራውን ተወች። አሁን ቤቷ ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። እኔ እዚያው ከምስማሩ ሥር ነኝ። በዕረፍቴ ቀን ልጠይቃት ስሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው።

«ደብዳቤው ተመለሰ?»

«አልተመለሰም እትዬ።»

ትንፋሿን እስክትሰበስብ እጠብቃታለሁ።

«ምን ብሎ ይመልሰው» ትላለች፤ «ስህተት የለበት።»