ከምሰሶው የተነቀሉት ሴንሰሮች

ያን ክረምት ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። እንጅባራ ውስጥ የአንድ ባለ አምስት ፎቅ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበርኩ። ያኔ ከተማዋን ቆሰበር እያለ ለሚጠራው ለአገሩ ሰው አምስት ፎቅ ማለት ሰማይ ነው። ምድር ላይ ባለው መዝገብ ቤት አንዱ ምሰሶ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ደግሞ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ተቀምጠው ይውላሉ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከባለጉዳዩ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚጨዋወቱ ሴት ነበሩ።

«ምሰሶው ሰው ላይ ይወርዳል፣ ክፍሉ ይለቀቅ» ብዬ ኃላፊውን ለመንኩት። «መሣሪያ አምጣና መሣሪያው ይናገር» አለኝ። በስንት ልመና አሥራ ሁለት ገመድ አልባ ሴንሰሮች አስመጣሁ። ከሳሙና የማይበልጡ ሳጥኖች ናቸው፤ ምሰሶ ላይ ተጣብቀው ሕንፃው ሲያዘነብልም ሲንቀጠቀጥም በኔትወርክ ወደ ኮምፒውተሬ ይልካሉ። በአስፋልቱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይርገበገባል። ነገሩ እስኪለይለት እትዬ ኮሪደር ላይ እንዲሠሩ ተደረገ።

ሰኔ ሲጋመስ ዝናቡ በረታ፤ እኔም ለሌላ ሥራ ዳንግላ ተላክሁ። እዚያ ሆኜ ኮምፒውተሬን ስከፍት መስመሩ ቀጥ ብሏል። ንቅንቅ የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ለኃላፊው «ተረጋግቷል» ብዬ ደወልኩ። ለእትዬም ደወልኩ፦ «ወደ ክፍልዎ ይግቡ፣ አይፍሩ። አንዳች ነገር ቢኖር መሣሪያው ቀድሞ ያውቃል።»

አይ ሞኝነቴ! ከባድ መኪና ሲያልፍ እንኳ የማይነቃነቅ ሕንፃ የት አገር አለ?

ስመለስ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባሁ። ምሰሶው ላይ ከሙጫ ምልክት በቀር ምንም የለም። ድሮ ወረቀት የማያስገባው ስንጥቅ አሁን የጣቴን ጫፍ ዋጠው።

ከአስፋልቱ ርቆ ጓሮ ወዳለው ንብረት ክፍል ሮጥኩ። የንብረት ሠራተኛው በኩራት መደርደሪያውን አሳየኝ። ሴንሰሮቼ ተሰልፈዋል፤ በያንዳንዳቸው ጀርባ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። እዚያ ሆነውም ይልካሉ፤ ስለ መደርደሪያው!

«የበጀት መዝጊያ ቆጠራ ነው» አለኝ። «መለያ ቁጥር የሌለው ንብረት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ቢሰረቅ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ሰውስ? ሰው ቢሞት የሚጠየቅ የለም?» ብዬ ጮኽኩበት። ኃላፊው ጩኸቴን ሰምቶ መጣና «ቆጠራው እስኪፈረም ታገስ» አይለኝ መሰላችሁ! አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩባቸው። ከሥራ ቢያባርሩኝም ደንታዬ አልነበረም።

የእትዬን ጠረጴዛ ራሴ እየጎተትኩ አወጣሁት። እሳቸውም ፋይላቸውን አቅፈው ተከተሉኝ። ኮሪደሩ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ከተነቀሉ ስንት ቀን ሆናቸው?» አሉ።

«አሥራ አንድ።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ወደ ክፍሉ ከገባሁ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የጣሪያው ልስን ራሴ ላይ ይረግፍ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኩ፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበር።

«መሣሪያው ያውቃል አልክ። ከገዛ ዓይኔ ይልቅ አንተን አመንኩ፣ ልጄ።»