ያልገዛነው ግቢ

የጤና አዳም ቅጠል በጣቶቼ ባሸሁ ቁጥር አዲስ ቀለም ይሸተኛል። እንዳትስቂብኝ፤ ሁለቱ ሽታዎች አንድ ቀን ተገናኝተው እስከ ዛሬ አልተለያዩልኝም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነበር። ሆላንድ፣ ቢልመር በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ከላይ እንኖር ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ፣ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም ታሳድጋለች። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮውን አቅፋ ወደ ቤት ትሮጣለች። «እግሬ አፈር ሳይነካ ልሞት ነው!» እያለች አባቴን መግቢያ መውጫ ታሳጣዋለች።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣ እያውለበለበ ገባ። «ተገኘ! ሄግ ነው፤ ታድሶ ያለቀ ቤት፣ ምድር ላይ፣ የራሱ ግቢ ያለው!» እናቴ እልል አለች። ለሽያጭ የቀረበ ሳይሆን የተሸጠልን ነበር የመሰላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቤቱን ልናይ ሄድን። የአባቴ አክስት «የሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም» ብለው ዳቦ ጋግረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉን። እናቴ ደግሞ ቆርቆሮዋን ይዛለች። ባቡሩ ውስጥ ዳቦው ከነትኩሳቱ ይሸታል፤ ጤና አዳሟ እናቴ ጭን ላይ ትወዛወዛለች። እኔ የትኛው ክፍል የእኔ እንደሚሆን ሳስብ ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

ደላላው በሩን ሲከፍት የአዲስ ቀለም ሽታ ተቀበለን። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ በጓሮው መስኮት የሚገባው ብርሃን ደግሞ አይጣል ነው! አክስታችን ገና እግራቸው እንደገባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ። መመለስ ያለበት ባለቤቱ ነው፤ ደላላው ግን ከየት ያውቀዋል? እናቴ አላስቻላትም።

«እንቦሳ እሰሩ!» ብላ መለሰች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት? ደላላው ለአባቴ ስለ ማሞቂያው ሲያስረዳ ጫማዋን አውልቃ ግቢ ወጣች። ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ ቆማ ሳቀች። እኔም አወለቅሁ። ጭቃው በእግሬ ጣቶች መሃል ፍልቅ ሲል በደስታ ጮህኩ። እሷ አጥሩ ሥር ተንበርክካ በእጇ ቆፈረችና ጤና አዳሟን ተከለች። ደላላው አክስታችን ያስታቀፉትን ዳቦ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቴ።

«እስክንገባ ሥር ትያዝ» አለችው።

እኛ ግን አልገባንበትም። ከእኛ ቀድመው ያዩት ሰዎች ወሰዱት። እናቴ ስትሰማ ባዶውን ቆርቆሮ አጥባ ደፋችው። እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው በጋ ሄግ ወዳለው ስኬቨኒንገን ባሕር ስንሄድ እናቴ መንገድ ላይ፣ ያ ቤት አጠገብ፣ ከትራሙ አስወረደችን። በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አየችና «ይዛለች!» ብላ ዘለለች። ጩኸቷን ሰምታ ቤቱን ከገዙት አንዷ፣ ወጣት ሆላንዳዊት፣ ወጣች። እናቴ በተሰባበረ ሆላንድኛ ነገሩን አስረዳቻት።

«የአንቺ ናት? ማን እንደተከላት ሳላውቅ እኮ ነው ውሃ የማጠጣት» አለች ሴትየዋ። መቀስ አምጥታ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠቻት። የዚያን ቀን ባሕሩን ረስተን፣ ቅርንጫፏ ሳትጠወልግ ቢልመር ለመድረስ ስንሮጥ የሳቅነው ሳቅ!

ዛሬ መስኮቴ ላይ ያለችው ከዚያች ቅርንጫፍ የተራባችው ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማጠጣት እኔ ነኝ። ትናንት ልጄ ቅጠሏን አሽታ «ማማ፣ ይቺ ከየት ነው የመጣችው?» አለችኝ።

«ከግቢያችን።»

«እኛ ግቢ የለንም እኮ! ባልኮን ብቻ ነው ያለን።»

«አለን» አልኳት። «አያትሽ በባዶ እግሯ የቆመችበት።»