የእህቴ ባል ጫጫታ ሲያጠፋ

የእህቴ ባል የስልክ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ከመስመር ላይ ጫጫታ ሲያጠፋ ስለሆነ እኛ ቤት «ጸጥታ» እንለዋለን። አጠገቡ ከተቀመጣችሁ ስለ ሞደም ያስረዳችኋል። ባትጠይቁትም ያስረዳችኋል።

ትምህርቱ ይሄ ነው። ሞደም የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ቀይሮ በሽቦ ይልካል። የስልክ ማዕከሉ ደግሞ ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል፤ ሲያደርገውም ያጠጋጋዋል። ሲያጠጋጋ የምትቀረው ፍርፋሪ ጫጫታ ትሆናለች፤ ድምፁ ደጋግሞ በተቀየረ መጠንም ጫጫታው ይብሳል። «መፍትሔው ማጣሪያ መደርደር አይደለም፤ መሀል ላይ ያለውን ትርፍ መቀየሪያ ማንሳት ነው» ይላል ጣቱን ቀስሮ። እውነቱን ነው፣ አንስቶም መስመሩን አጥርቶታል። የተሰጠው የምስጋና ወረቀት ሳሎን ተሰቅሏል፤ እሱን ሳያደንቅ የሚቀመጥ እንግዳ የለም።

የእናቱ ዓይን ሲደክም እህቴ ቤት ገብተው እንዲኖሩ ታሰበ። የሁለቱን ሴቶች ቃል የሚያመላልሰው ማን ሆነ? ጸጥታ ነዋ። እህቴ «የጓሮው ክፍል ፀሐይ ስለሚገባው ለእማማ ይመቻቸዋል» አለች። እሱ ለእናቱ አሳጥሮ «ጓሮ ክፍል አዘጋጅታልሻለች» አላቸው። ጓሮ ሲባሉ ቅር አላቸውና «እንግዲያው እንዳላጣብባችሁ እዚሁ ልሁን» አሉ። ይቺንም አጠጋጋት፤ ለእህቴ «ቤቱ ይጠበኛል ትላለች» ብሎ አደረሰ። እህቴ አለቀሰች። እናትየው የሸከፉትን ሻንጣ ፈትተው ምድጃቸውን በዳበሳ መለኮስ ቀጠሉ። አንድ ቀን እጃቸው ተቃጠለ። የኛ መሐንዲስ ግን «ሴቶች መቼም አይግባቡም፣ እኔ ምን ላድርግ» እያለ ይተነፍሳል።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እህቴን ይዤ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው በታሰረው እጃቸው ፊቷን ዳሰሱት።

«እማማ፣ የጓሮውን ክፍል ያልኩት እኮ ፀሐይ ስለሚገባው ነው» አለች እህቴ።

«ይሄን ማን ነገረኝ? እኔ እኮ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።»

ሌላ ማስታረቂያ አላስፈለገም። ሻንጣውን አብረን ሸከፍን።

ጸጥታ ከሥራ ሲመለስ እናቱ ከምስጋናው ወረቀት ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ደንግጦ ወደ እህቴ ዞረ።

«ምን ብላ መጣች?» አላት።

«እዚሁ ተቀምጫለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉት እናቱ። «እኔኑ ጠይቀኝ።»