ጥፍር ስር የገባ አሸዋ

አክስቴ ሠራሁ የሚላትን ሰው የምታምነው እጁን አይታ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይሄን ጠባይዋን ከማንም በላይ የማውቀውም እኔ ነኝ። ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ተራራው ግርጌ ያለውን ምንጭ ልጆች ሳለን የሰፈሩን ሴት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛን እየሄደች ታስጠርገን ነበር። ምንጩ ሦስት ዐይን አለው። ሦስቱም ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር እየፈለቁ አንድ ኩሬ ይሞላሉ፤ የምንዋኘው እዚያ ነው። ዐይኖቹን አሸዋ እንዳይደፍናቸው እየዛቅን እናወጣለን፤ በእጅ ብቻ! አካፋ ይዛ የመጣች ሴት ካየች፣ «ውሰጅልኝ ይሄን ብረት፣ ምንጩን ታስደነግጪብኛለሽ!» ብላ ታባርራታለች።

ስንጨርስ አሰልፋን እጃችንን ታገላብጣለች። ጥቁሩ አሸዋ ጥፍሯ ስር ያልገባ ልጅ ያን ቀን ኩሬው ውስጥ አትገባም። እኔ አንዴ ሳወራ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ እጄን ጭቃ ለቅለቅ አድርጌ ተሰለፍኩ። ጥፍሬን አየችና እጄን ለቃ ወደምትቀጥለዋ ልጅ ዞረች። ሌሎቹ ሲንቦጫረቁ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ የሴቶች ቀን ነበር። ሾላው ቅርንጫፍ ላይ ነጠላ ተሰቅሎ ያየ ወንድ፣ ከብት እንኳ ቢጠፋው በዚያ በኩል አያልፍም። አክስቴ ጉልበቷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ያማታል፤ መሬት ላይ እያነከሰች ነው የምትሄደው። ውሃው ውስጥ ስትገባ ግን እኛን ልጆቹን ትቀድመናለች። ጠዋት ጠዋት ውሃው ለብ ይላል፤ ለጉልበቷ የሚስማማት እሱ ነው። «እዚህ እኮ እግር አለኝ!» እያለች ትስቃለች፤ እቤት እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ቦታው ታጥሮ መናፈሻ ሲሆን ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። እኔን ብሎ ኮሚቴ! የምንጩን ዐይኖች በሲሚንቶ ደፍነን ውሃውን በቱቦ ወደ ኩሬው እናውጣው ያልኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ይሆናል፣ የቅዳሜው ጠረጋም ይቀራል አልኩ። አክስቴ ስብሰባው ላይ በትሯን ተደግፋ ተነሳች።

«ዐይኑን አትድፈኑት። ውሃም እንደ ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል» አለች።

«አክስቴ፣ ይሄ የባለሙያ ነገር ነው፤ አንቺ ቁጭ በይ» አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷ ቁጭ አለች። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በያዘው! ባለሙያ ያልኩት ደግሞ ግንበኛውን ነው፤ እሱ ቤት እንጂ ምንጭ ሠርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ውሃው ከቱቦው ሲንዶለዶል ከዋጃ ድረስ ሰው እየመጣ ፎቶ ተነሳ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ከዚያ ቀጠነ፤ ጣት አከለ፤ ቀጥሎ መንጠባጠብ ጀመረ። ደንግጠን ሲሚንቶውን ስናስፈርሰው ከሥሩ ደረቅ ጠጠር ብቻ አገኘን። ውሃው በምን በኩል እንደሄደ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንዳንዱ፣ ሜዳው ላይ ለመስኖ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ናቸው የጠጡት ይላል። እኔም ለሰው የምናገረው እሱን ነው፤ ሆዴ ግን አያምነኝም። ኩሬው አሁን ቅጠልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ተቀምጧል።

አክስቴ ይሄን አላየችም። ቱቦው በተመረቀ ሰሞን ጉልበቷ ጨርሶ ተያዘና እኔ ቤት አልጋ ላይ ዋለች። «ምንጬ እንዴት ነው?» ትለኛለች በየጠዋቱ። «ደህና ነው፣ አብሽሪ» እላታለሁ። «ሲሻለኝ ትወስጅኛለሽ።» «ኢንሻአላህ።» የምትጽናናበት ሌላ ነገር የላትም፤ አንድ ቀን እዚያ ውሃ ውስጥ እገባለሁ ብላ ነው ህመሙን የምትችለው። ስለዚህ ጠያቂ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቀድሜ እለምናለሁ፦ ስለ ምንጩ እንዳትነግሯት፣ በአላህ! ሰው ሁሉ እሺ ይላል። ሲወጡ ግን ዓይኔን አያዩኝም።

ባለፈው ጁምዓ በጠዋት ጠራችኝ። «ዛሬ ከምንጩ ውሃ አምጪልኝና እግሬን እጠቢኝ» አለች።

ጄሪካን ይዤ ወጣሁ። የት ልሂድ? ጎረቤት ገብቼ ከቧንቧ ቀዳሁ። ደርሶ መልስ የሚወስደውን ያህል ጊዜ እዚያው ቁጭ አልኩ፤ የቤቱ ሴትዮ ምንም ሳትጠይቀኝ ውሃውን እሳት ላይ ለብ አደረገችልኝ። ይዤ ተመለስኩና ሳፋ ውስጥ ገልብጬ እግሯን አስገባሁላት።

ዓይኗን ጨፈነች። «ለብ ብሏል» አለች።

«ጠዋት አይደል» አልኩ።

«ዐይኖቹን ጠረግሻቸው?»

«ጠረግኳቸው።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

ወላሂ በይ እንዳትለኝ ፈራሁ። እዚያ ላይ መዋሸት አልችልም፤ እሷም ታውቃለች። አላለችኝም። እጄን ከሳፋው አውጥታ ገለበጠችው፤ እንደ ልጅነቴ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። ንጹሕ ናቸው።

«ጎበዝ» አለችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «በይ እጠቢኝ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ።»