እሾህ የወጋው እጅ

ያምሮት ጠጅ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ጠጅ ቀጂ ሁሉ ይህን ያደርጋል። እሷ ግን ከቀመሰች በኋላ እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ ትቆያለች፤ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። የቢቸና ሰው ለምዶት፣ "እትዬ ያምሮት፣ ጠጁ ምን አለሽ?" እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን ብቻ ሳትቀምስ ሰጥታለች። ባሏ ደሴ ከገደሉ አፋፍ አጋም ለቅሞ አምጥቶላት፣ ከማሩና ከጌሾው ጋር ከርሞ፣ ጠጁ ደም መስሎ ወጣ። መዳፏን ስትዘረጋ ብርሌውን ነጠቃት።

"ከመቼ ወዲህ ነው ለባልሽ የምትቀምሺው? ምነው፣ ልትመርዢኝ አስበሽ ነበር?" ብሎ እየሳቀ ጨለጠው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። የጤና ጣቢያው ሐኪም "ልቡ ነው" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ለቀስተኛው ግን ተንሾካሾከ። አጋምና መርዘኛው ምረንዝ እዚያው ገደል ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ሲለቀም ፍሬያቸው ይምታታል፤ አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። ምረንዝም የሚገድለው ልብን አቁሞ ነው። ያምሮት በድንጋጤ ጋኑን ጓሮ ደፍታው ስለነበር፣ እውነቱን የሚናገር ጠብታ እንኳ አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ አጋም ደጇ አልደረሰም። የደሴ እህት አታለልም ከደጇ ቀረች። ገበያ ላይ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። ያምሮት "ገዳይ ብላኛለች" ብላ ደመደመች፤ አልፈረደችባትም።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ እሑድ አታለል ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሯ ላይ ቆመች።

"ልጄን ልድር ነው።"

"እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ። ግቢ እንጂ።"

"የአጋም ጠጅ ጥመቂልኝ።"

ያምሮት የበሩን መቃን ያዘች። "ልትቀልጂብኝ ነው የመጣሽው?"

"ወንድሜ የሚወደውን ነው የምፈልገው። ካልሆነም እምቢ በይኝና ልሂድ።"

እምቢ ማለት አቃታት። በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ወጣች። ፍሬ ከመንካቷ በፊት የየቅርንጫፉን እሾህ እየፈለገች፣ ደም እስኪወጣት ጣቷን ትወጋበት ነበር። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠበች፣ በወይራ አጠነች። ጠጁ መፍላት ሲጀምር ደግሞ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ትለጥፋለች። ከውስጥ የደሴ ሳቅ የሚመጣ ይመስላታል፤ ሸሽታ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ተመልሳ ታዳምጣለች።

ጠጁ ሊከፈት አታለል ብቻዋን መጣች። ያምሮት መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ጠጣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ቀና ስትል የአታለል መዳፍ ተዘርግቶ ጠበቃት።

"ለኔም እዚህ ላይ።"

"ምን ሆነሻል? መቅመስ የጠማቂው ነው እኮ!"

"የኔም ነው። ያን ጊዜ አጋሙን አብሬው ለቅሜያለሁ።"

ይህን ደሴ ለያምሮት አልነገራትም ነበር።

"እሾህ ወግቶሽ ነበር?" አለች ያምሮት።

"እሱን ነው እኮ የማላስታውሰው! እያወራን፣ እየተሳሳቅን ነበር የምንለቅመው።" አታለል መዳፏን ገልብጣ አየችው። "ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጄን አየዋለሁ። ጠባሳ ባገኝ ብዬ።"

"ለዚህ ነው የራቅሽኝ?"

"ዓይንሽን ፈርቼ።"

"እኔ እኮ ገዳይ ያልሽኝ መስሎኝ!"

"አንቺን? ወይ አንቺ ሞኝ!"

ያምሮት ጠጁን አታለል መዳፍ ላይ ጠብ አደረገችው። ጋኑ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ይህ ጠጅ ስለዚያኛው ምንም እንደማይነግራቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

"ምን አለሽ?" አለች ያምሮት።

"ምንም። አንቺንስ?"

"ምንም።"

አታለል የያምሮትን እጅ ሳበችና በእሾህ የተወጉትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ቶሎ አልለቀቀቻትም።

"ሰርጉ ላይ አብረን እንቀምሳለን" አለች።